ዛንዚባር፦ ከቅርንፉድ ገበያ ወደ እንግዳ ገበያ

በህንድ ውቅያኖስ ላይ ከታንዛኒያ ጠረፍ ጥቂት ወጣ ብለው የሚገኙት የዛንዚባር ደሴቶች ለረጅም ዘመን በዓለም ገበያ የሚታወቁት በቅርንፉድ ነበር። ዛሬ ዋናው ሸቀጣቸው እንግዳ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ደሴቶቹ የገቡት የውጭ ጎብኚዎች ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። በ2022ቱ ቆጠራ 1.9 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ለተመዘገበባት ዛንዚባር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ ዛንዚባር ሩቅ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ያደርሳል። ለሥራ ዳሬሰላም የሄደ ሰው ደግሞ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ይሻገራል። ለእረፍት የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በቲኬትና በአልጋ ዋጋ ላይ ነው። ሆኖም የጉዞውን ወጪም ሆነ ደሴቲቱ ከእንግዳው የምታገኘውን ጥቅም በእጅጉ የሚወስን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም «የት ይበላል?» የሚለው ነው።

ሁለት ገበታ፣ ሁለት ዋጋ

በዛንዚባር ሁለት የምግብ ገበያ ጎን ለጎን ይገኛል። አንደኛው በባህር ዳርቻ ሆቴሎች ውስጥ ያለው ሲሆን፣ አልጋ፣ ምግብና መጠጥ በአንድ ሂሳብ ተጠቃልሎ አስቀድሞ የሚከፈልበት ነው። በዚህ አሠራር ክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው እንግዳው ገና አገሩ ሳለ ለጉዞ ወኪል ነው። ከሆቴሉ አጥር ውጪ ያለው አሣ አጥማጅና ጥብስ ሻጭ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እንግዳውም ሁሉን ከፍሎ ስለገባ ወጥቶ ለመብላት ምክንያት አይኖረውም።

ሁለተኛው ገበያ ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ይገኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ በባህሩ ፊት ለፊት ባለው በፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ሻጮች ጠረጴዛቸውን ይዘረጋሉ፤ ከሰል ይቀጣጠላል። በእንጨት የተሰካ የሥጋ ጥብስ፣ እነሱ ሚሽካኪ የሚሉት፣ አሣ፣ የካሳቫ ጥብስና ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የተጨመቀ የሸንኮራ መጠጥ ይቀርባል። የዛንዚባር ፒዛ የሚባለው ስሙ ይምሰል እንጂ ከጣሊያኑ ጋር ዝምድና የለውም። በስሱ በተዳመጠ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ተጠቅልሎ በብረት መጥበሻ የሚጠበስ ነው።

የአገሬው ሰው ራሱ የሚወደው ግን ኡሮጆ ነው። ይህም በእርድ የቀላና ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ሲሆን፣ ድንች፣ የተጠበሰ የባቄላ ዘር ሊጥ፣ እንቁላልና የካሳቫ ስስ ጥብስ ይገባበታል። በአንድ ሳህን ሙሉ ምሳ ይሆናል። በከተማው ውስጥ በሚገኙ ተራ ምግብ ቤቶችም ፒላው፣ ብርያኒ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ የአሣና የኦክቶፐስ ወጥ ከቻፓቲ ጋር ይገኛል። በምኩናዚኒ ሰፈር አጠገብ ያለው ሉክማን ምግብ ቤት ከነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ጎብኚውም ሆነ ነዋሪው ተሰልፎ የሚበላበት ነው።

በፎሮዳኒ አንድ መጠንቀቂያ አለ። ዋጋ ሳይጠየቅ ሳህን ላይ የተቆለለ ምግብ በኋላ ያጣላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆ መስማማት ይገባል። ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆየ የባህር ምግብ መሆኑንም ማጣራት ያስፈልጋል። ደንበኛ የበዛበት ጠረጴዛ ምግቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ይመረጣል።

ለቦታው የሚከፈልበት ገበታም አለ። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ሚቻምቪ ፒንግዌ በሚባለው ስፍራ፣ ባህር ውስጥ በቆመ አለት ላይ የተሠራው «ዘ ሮክ» ምግብ ቤት ውኃው ሲሸሽ በእግር፣ ሲሞላ በጀልባ ይገባበታል። እዚያ የሚከፈለው የዓሣውን ያህል ለዕይታው ጭምር መሆኑን አውቆ የሚሄድ ሰው አይቆጭም።

በቀን ምን ይታያል?

እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ስቶን ታውን በእግር የሚታይ ከተማ ነው። የተጠረበ በሩ፣ ጠባብ መንገዱና የነጋዴ ቤቱ የአረብ፣ የህንድና የአፍሪካ ንግድ የተገናኘበት መሆኑን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ይህን ሳያይ የተመለሰ ሰው የደሴቲቱ የቀድሞ ሀብት በማን ጉልበት እንደተሠራ ሳይገባው ይቀራል።

በአቅራቢያው ያለው የዳራጃኒ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራ ነው። ጠዋት የአሣ ጨረታ ይካሄድበታል፤ ከጎኑ ቅመም ይሸጣል። ለኢትዮጵያዊ ደንበኛ አብዛኛው ቅመም እንግዳ አይደለም፤ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ገውዝና እርድ ሁሉም አሉ። እንዴት እንደሚበቅሉ ማየት የፈለገ ከከተማው ወጣ ብለው ባሉ እርሻዎች የቅመም ጉብኝት ያደርጋል። መግዛቱ ግን ከጉብኝቱ ይልቅ በዳራጃኒ ዋጋ አመዛዝኖ ቢሆን ይሻላል። የዛንዚባር ሳፍሮን ነው ተብሎ የሚቀርበውን ማለፍ ይበጃል፤ ሳፍሮን በደሴቲቱ አይበቅልም።

በመንገድ ላይ እንግዳን እየተከተሉ ጉብኝትና ሆቴል የሚያሻሽጡ ደላሎች አሉ። የአገሬው ሰው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። የእነሱ ኮሚሽን በመጨረሻው ዋጋ ላይ የሚጨመር በመሆኑ፣ ከጉብኝት አዘጋጁ ጋር በቀጥታ መዋዋል ወጪ ይቆጥባል።

ለመዋኘት የሚሄድ ሰው የባህሩን ሰዓት ማወቅ አለበት። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ይሸሻል፤ ለሰዓታትም ዋና የለም። በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን በአብዛኛው ሰዓት ይዋኝባቸዋል። ውኃው በሸሸበት ሰዓት በፓጄ የሚታይ ሌላ ሥራ አለ። ሴቶች በባህሩ ወለል ላይ የተከሉትን የባህር አረም ይሰበስባሉ። ደርቆ ወደ ውጭ ሲላክ ለምግብና ለጥርስ ሳሙና ፋብሪካዎች ማወፈሪያ ይሆናል። ጥሬው በርካሽ ስለሚሸጥ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ሳሙና እየሠሩ ለጎብኚ ያቀርባሉ።

የቅርንፉዱ ትምህርት

ደሴቶቹ በአንድ ምርት ላይ ሲመሠረቱ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰኢድ እ.ኤ.አ. በ1840 መንበሩን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ የቅርንፉድ ተክል በግዳጅ ጭምር ተስፋፋ። ዛንዚባርም የዓለም ቀዳሚ አቅራቢ ሆነች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋነኛዋ ደንበኛ ኢንዶኔዥያ ነበረች፤ የሲጋራ ፋብሪካዎቿ ቅርንፉድን ከትምባሆ ጋር ይቀላቅላሉና። በኋላ ኢንዶኔዥያ ራሷ በሰፊው ተከለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደንበኛዋ ተወዳዳሪ ስትሆን ዋጋው ወደቀ፤ ከ1964ቱ አብዮት ወዲህ ንግዱን የያዘው መንግሥትም ገቢው ደረቀ። ለውጭ ባለሀብትና ለጎብኚ በሩ በሰፊው የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።

የእንግዳው ገበያ በበኩሉ ድክመቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳየ። በኮቪድ ምክንያት በረራ ሲቋረጥ ሆቴሎች ተዘጉ፤ ለሆቴሎቹ አሣና አትክልት ያቀርብ የነበረው ሰው ያለ ገዢ ቀረ። ቅርንፉድ ቢያንስ ደርቆ ዋጋ እስኪሻሻል በጆንያ ይቀመጣል። ያላደረ አልጋ ግን ለነገ አይሸጥም። ይህ ልዩነት በሆቴል ሥራ ገንዘቡን ለማፍሰስ ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ከመነሳት በፊት

ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ ግዴታ ተጥሎበታል። ዋጋው ሲጀመር ለአዋቂ 44 ዶላር ነበር፤ ሌላ ዋስትና መያዝ ከዚህ አያድንም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በመሆኑ የአልጋ ዋጋ የሚረክሰው በዚያ ወቅት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ዋጋውም ይወጣል።

ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ትከሻንና ጉልበትን ሸፈን አድርጎ መሄድ፣ በረመዳን ቀን ደግሞ በአደባባይ ከመብላትና ከመጠጣት መቆጠብ ግድ ነው። በጾሙ ወር ብዙ የከተማ ምግብ ቤቶች በቀን ስለሚዘጉ፣ ለምግብ የሚሄድ ሰው ጉዞውን በዚያ መሠረት ያቅድ።

አንድ ነገር ግን ለኢትዮጵያዊው ይቀለዋል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ዓሣ አጥማጁ «ሳ ሞጃ» ብሎ ቢቀጥር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ሆቴሉና የጀልባው ቲኬት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠሩ መጠየቅ አይከፋም።

አንድ ሳምንት ለሚቆይ ሰው የሚያዋጣው ስሌት የሚከተለው ነው። አልጋው ከቁርስ ጋር ብቻ ይያዝ። ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት በስቶን ታውን፣ የቀረው በሰሜን ወይም በምሥራቅ ጠረፍ ይታደር። ምሳና እራት በየቦታው በሺልንግ ይከፈል። እንግዳው የበላውን ብቻ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ምግቡን ካበሰለው ሰው እጅ ይገባል።