ስም እንደ ቅርስ፦ የእግረኛ መንገድን በታሪካዊ ምልክት ስለ መሰየም

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የከተማ የእግረኛ መንገድ በአካባቢው ታሪካዊ ምልክት ሲሰየም ስሙ ምን አገልግሎት ይሰጣል?

ምሳሌዬ ለገሃር ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጣቢያው ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። ጣቢያውን ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ሲሉት፣ የከተማው ሕዝብ ለአፉ አመቻችቶ «ለገሃር» አለው። አዲሱ የባቡር መስመር በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ከመሐል ከተማ ወጣ። የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ለገሃር» እያለ ይጣራል። ባቡሩ ቢሄድም ስሙ ቀርቷል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ሽቅብ የሚወጣው ጎዳና በአንጻሩ የቸርችልን ስም ይዟል። እንዲህ ያለው ስም ሰያሚው ማንን ሊያከብር እንደ ፈለገ ይናገራል፤ መንገደኛው የት እንደ ቆመ ግን አይነግረውም። በምልክት የተሰየመ መንገድ አቅጣጫንም ታሪክንም በአንድ ቃል ያስይዛል። ሴኡል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራውን የመኪና ማሳለጫ ድልድይ በ2017 ለእግረኞች ስትለቅ «ሴኡሎ 7017» ብላዋለች፤ ሁለቱም ዓመታት በቁጥሩ ውስጥ ይነበባሉ።

ስለዚህ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ ለሚዘረጋ የእግረኛ መንገድ «ለገሃር» ከሚለው የተሻለ ስም አይታየኝም። ቃሉ ከባዕድ የመጣ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ ቃሉን በራሱ አንደበት ቀርጾታል፤ ዛሬ ፈረንሳዊ ቢሰማው የራሱ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ይሁንና ሁለት ግዴታዎች አሉ። አንደኛ፣ ምልክቱ ከመንገዱ ላይ ሊታይ ይገባል፤ ሕንፃው በአጥር ወይም በፎቅ ከተጋረደ ስሙ ትርጉሙን ያጣል። ሁለተኛ፣ የቃሉ አመጣጥ በሰሌዳ ሊጻፍ ይገባል፤ ያለዚያ ልጆቻችን ድምፁን ብቻ ይወርሳሉ።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ስያሜው የማፍረስ ማካካሻ እንዳይሆን ነው። ቅርስን አፍርሶ ስሙን በሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው፤ ስም ግን ለፈረሰ ቤት ካሳ አይሆንም። እንዲያውም መንገድን በቅርስ የሚሰይም አካል ቅርሱን ለመጠበቅ በአደባባይ ቃል እንደ ገባ ሊቆጠር ይገባል። እናንተ የነገ የከተማ ፕላን ባለሙያዎችም ስም ከመምረጣችሁ በፊት ነዋሪው ስፍራውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁ።