ዕጣው ስንት ነው? በአጎራባች ሕግ የሚሞሉ ሰንጠረዦች ቆጠራ

ከባሌዋ ሮቤ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የስንዴ ዝርያዎች የሚፈተኑት በረድፍና በዓምድ በተሰለፉ መደቦች ላይ ነው። የትኛው ዝርያ የት ይዘራ የሚለው በዕጣ ይወሰናል፤ አለዚያ ለሙ መሬት ለአንዱ ያደላል። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር አጸናው። አራት ዝርያዎች በየረድፉና በየዓምዱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገኙ ከተፈለገ 576 አሰላለፎች አሉ። ዕጣው ትክክል የሚሆነው ሁሉም እኩል ዕድል ሲኖራቸው ነው፤ ለዚህም ቆጠራ ያስፈልጋል።

ሕጉ ጎረቤትን ሲመለከት ቆጠራው ይከብዳል። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ ባሌ ላይ ክፉኛ መታው። እንግዲህ ለዋግ የሚጋለጠውን ዝርያ 1፣ የሚቋቋመውን 0 እንበል። ሁለት 1ዎች ጎን ለጎንም ሆነ ላይና ታች እንዳይነካኩ መደቦቹ በስንት መንገድ ይሞላሉ?

ለአንድ ረድፍ መልሱ ቀላል ነው። የመጨረሻው መደብ 0 ከሆነ የቀሩት ሕጉን ጠብቀው እንደልብ ይሞላሉ፤ 1 ከሆነ ግን ከጎኑ ያለው የግድ 0 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር የሁለቱ ቀዳሚዎቹ ድምር ይሆናል፦ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13። ይህ የፊቦናቺ ተከታታይ ነው።

ለሰንጠረዥ ዋናው መላ ረድፍ በረድፍ መውረድ ነው። ባለሦስት መደብ ረድፍ አምስት መልክ አለው፦ 000፣ 100፣ 010፣ 001፣ 101። ከበላያቸው ሊቀመጡ የሚችሉት ረድፎች በቅደም ተከተል 5፣ 3፣ 4፣ 3 እና 2 ናቸው፤ ድምሩ 17። እነዚህኑ ይዘን ሦስተኛውን ረድፍ ስንጨምር 17፣ 12፣ 13፣ 12 እና 9 እናገኛለን፤ ድምሩ 63። ከ512 አሞላሎች ሕጉን የሚያከብሩት እነዚህ ብቻ ናቸው። በአራት በአራት 1,234፣ በስድስት በስድስት 5,598,861 ይደርሳሉ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ክሬመርስና ቫኒየር ይህን የረድፍ በረድፍ መላ እ.ኤ.አ. በ1941 ለማግኔት ጥናት ተጠቀሙበት።

ሰንጠረዡ ወሰን የለሽ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል፦ አንድ መደብ በተጨመረ ቁጥር ብዛቱ በስንት ይባዛል? አጎራባቾች እንዳይመሳሰሉ በሦስት ቀለም ለሚሞላ ሰንጠረዥ ኤሊየት ሊብ እ.ኤ.አ. በ1967 ትክክለኛውን ቀመር አገኘ፤ ብዜቱ 1.54 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሮድኒ ባክስተር የእኛን የ0 እና 1 ሕግ እንደ ሐረና ደን ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ክፍሎች ላይ ፈታው። ለባለአራት ጎኑ ሰንጠረዥ ግን 1.503 ገደማ መሆኑ በስሌት ቢታወቅም የተጣራ ቀመር አልተገኘለትም። ቀላሉ ማሳ ከማር እንጀራው ይልቅ አስቸግሯል።

ቆጠራው ግን ቀመር ሳይጠብቅ ያገለግላል። ከ63ቱ አንዱን በትክክል ለማውጣት የታችኛው ረድፍ 000 እንዲሆን ከ63 ዕጣ 17 ይሰጠዋል፤ ለ101 ደግሞ 9። ከዚያ በሁለተኛው ረድፍ ቁጥሮች ሚዛን በተመሳሳይ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጠመኔ ሊያደርገው ይችላል፤ የሲናናን መደብ የሚያይ ባለሙያም ዕጣው ለማንም እንዳላደላ ቆጥሮ ያረጋግጣል።