ከእብድ ውሻ በሽታ የተገኘ መንገድ

መካነ ሰላም ሳድግ «እብድ ውሻ ገባ!» ከተባለ መንደሩ በሙሉ በሩን ይዘጋ ነበር። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ለምን? አንዱ ምክንያት የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ነው። ሴሎቹ ጥብቅ ብለው ስለተያያዙ አብዛኛው መድኃኒት ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ቫይረሱ ግን በነርቭ በኩል ሾልኮ ይገባል።

ታዲያ ተመራማሪዎች ከቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን 29 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ቁራጭ፣ ማለትም ፔፕታይድ፣ ወሰዱ። ብቻውን በሽታ አያመጣም፤ የነርቭ ሴል ላይ ያለውን የአሴቲልኮሊን ተቀባይ ግን ይይዛል። ጫፉ ላይ 9 አርጂኒን ቀጠሉበት። አርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ የሆነውን፣ የቫይረስ ጂን ዝም የሚያሰኘውን አጭር አርኤንኤ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት ይህ በአይጦች ደም ሥር ተወግቶ አንጎል ደረሰ፤ በሌላ የአንጎል ቫይረስ ከተያዙትም አብዛኞቹን አተረፈ።

ለእብድ ውሻ በሽታ ግን ገና መድኃኒት አልሆነም። ስለዚህ ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ ይህን እንንገር፦ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ምልክት ሳይጠብቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር።