ምክንያት ያለው አቧራ

የባቡር ሞዴል ለማሠራት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራኝ ስለ ሎኮሞቲቩ ነው። ሎኮሞቲቭ ግን ተገዝቶ ይመጣል፤ ሐዲዱም፣ ትራንስፎርመሩም እንደዚያው። የእኔ ሥራ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ነው፤ መሬቱ፣ ድንጋዩ፣ ግራሩ፣ የጣቢያው ግድግዳ፣ ባቡር የሚጠብቀው ሰው። እንጀራዬን የማገኘው በአብዛኛው ከሕንፃ ሞዴል ነው። የሕንፃ ሞዴል ገና ያልተገነባ ነገር ስለሚያሳይ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ዝናብ አልነካውም፣ ደረጃው አልተረገጠም፣ ዛፎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የባቡር ሞዴል የሚያሳየው የኖረን ነገር ነው። ስለዚህ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስሻገር መሣሪያዬ ያው ሆኖ ዓይኔን መቀየር አለብኝ።

አሁን በእጃችን ያለው ሥራ የቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር አንድ ቁራጭ ነው፤ ከበሰቃ ሐይቅ ዳር ተነስቶ በመተሐራ በኩል አዋሽ ጣቢያ የሚደርሰው። ያሠራን ሰው ድሬዳዋ ያደገ፣ አሁን አውሮፓ የሚኖር ነው። ልኬቱ 1 ለ 87 ነው፤ በሞዴል ባቡር ዓለም ብዙ ሰው የሚሠራበት ይኸው ነው። የድሮው መስመር የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። እንደ እድል ሆኖ ስዊዘርላንድም በተራሮቿ ላይ የሜትር ስፋት ሐዲድ ስላላት ለእርሷ ተብሎ የሚመረተው 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ለእኛም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን 784 ኪሎ ሜትር ሙሉውን እንሥራ ብንል 9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ያስፈልገናል። ለገሃር ያለው ጫፍ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ወደ 27 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ያለን አዳራሽ 7 ሜትር ነው። ምን እንደሚቀር መወሰን የሚጀምረው ገና እንጨት ሳይቆረጥ ነው።

በወርክሾፑ አንድ ጥያቄ አለን፤ «ይህን ያደረገው ምንድን ነው?» ዝገት ሊቀባ ብሩሽ ያነሳ ልጅ መጀመሪያ ይህን ይመልሳል። ዝገትና ቆሻሻ እንደ ጌጥ በየቦታው ከተረጨ ሞዴሉ ያረጀ ይመስላል እንጂ የኖረ አይመስልም። ባቡር ጣቢያ ሊገባ ሲል ፍሬን ይይዛል፤ ከፍሬኑ የሚበተነው የብረት ብናኝ ጠጠሩ ላይ ይወርድና ቡናማ ያደርገዋል። ስለዚህ ከጣቢያው በፊት ያለው ጠጠር ሜዳ ላይ ካለው ይጠቁራል። ሎኮሞቲቭ ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ዘይት ይንጠባጠባል፤ ከዚያ አሥር ሜትር ፈቀቅ ሲሉ አይኖርም። የሐዲዱ ጎን ዝጎ አናቱ የሚያበራው መንኮራኩር ስለሚያሸው ነው፤ ፉርጎ የማይገባበት ዳር ሐዲድ ከሆነ አናቱም ይዝጋል። የመረጥነው ዘመን እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ የጣቢያው የውሃ ማማም የራሱ ጥያቄ አመጣ። የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በ1950ዎቹ ገብተዋል። ለእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ውሃ መስጠት ያቆመ ማማ ሥሩ አይረጥብም፣ አረንጓዴ ሻጋታም አይዝም። ፈረንጆቹ በሚሸጡት የማማ ሞዴል ላይ ግን ሻጋታው ከፋብሪካው ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አጥበን እንደገና ቀባነው።

አግዳሚዎቹም እንዲሁ ናቸው። ተገዝቶ የሚመጣው ሐዲድ ከሥሩ የተጋደሙት ፕላስቲኮች የእንጨት መስመር ተቀርጾባቸዋል። የእኛ መስመር አግዳሚዎች በአብዛኛው ብረት ነበሩ፤ ምስጥ ባለበት ቆላ እንጨት አይበረክትም። ብረት አግዳሚ የተገለበጠ ገበታ ይመስላል፤ ጫፉ ወደ ታች ተቆልምሞ ጠጠሩ ውስጥ ይቀበራል፣ መሃሉ ብቻ ይታያል። እናም አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የእያንዳንዱን አግዳሚ የእንጨት መስመር በብርጭቆ ወረቀት አጥፍቶ ጫፎቹን ቆረጠ፣ ዝገት ቀባቸው፣ ጠጠሩንም እስከ አናታቸው ሞላ። ሰባት ሜትር ሐዲድ ላይ ያለውን አግዳሚ ሁሉ። ሥራውን ያየ ሰው ይህን ነጥሎ ላያስተውል ይችላል፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ግን አንድ ነገር ልክ እንደሆነ ያውቃል፣ ምን እንደሆነ መናገር ባይችልም።

ጠጠሩ ደረቁን ይበተናል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይስተካከላል፣ ከዚያ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጭበታል። ሳሙናው ከሌለ ውሃው ጠጠሩ ላይ ተንከባሎ ይቀርና ሙጫው አይሰርግም። ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በመርፌ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጠጣል። አዳሩን ይደርቃል። የችኮላ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የወደድኩት የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ድንጋይ መሥራት ነው። በመተሐራ በኩል ያለፈ ሁሉ ያንን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. 1820 ገደማ ከፈንታሌ የፈሰሰ ነው፤ ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። ጀሶ አፍስሰን በቢላ ልንቀርጸው ሞከርንና ተውነው። የተቀረጸ ድንጋይ የሰው እጅ ይታይበታል። ግንባታ ላይ ለሙሌት የሚውለውን ሬድ አሽ አመጣን። እርሱ ራሱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለሆነ ፍርካሹን በመነጽር ብታዩት ትልቁን ድንጋይ ይመስላል፤ ስብራቱ፣ ቀዳዳው፣ ስለቱ አንድ ነው። በሦስት ወንፊት ነፍተን ትልቁን ከሥር፣ ደቃቁን ከላይ አደረግነው። እዚህ ላይ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልናገር፤ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ውስጥ ብረት አለ። ሳይለጠፍ የቀረው ደቃቅ በሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት ይሳብና ሞተሩን ይበላዋል። ከመበተናችን በፊት ሁሉንም ትሪ ላይ ዘርግተን ጠንካራ ማግኔት በወረቀት ጠቅልለን ደጋግመን አሳለፍንበት። ወረቀቱ ላይ የቆመው ጥቁር ጸጉር የመሰለ ብናኝ ብዛት ያስደንቃል።

ቀለሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመተሐራ የመጣ ድንጋይ አጠገቡ አስቀምጬ በትክክል ያንን ቀለም ብቀባው ሞዴሉ ላይ ከሰል ይሆናል። አንድ ሜትር ርቄ ሞዴሉን ሳይ በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር ርቄ እንደቆምኩ ነው፤ በዚህ ርቀት መካከል አቧራና አየር አለ፣ ቀለሙን ያገረጣዋል። ስለዚህ ጥቁሩ ግራጫ ይገባበታል፣ ከኋላ ያለው ተራራ ደግሞ ትንሽ ሰማያዊ። ለሞዴሉ የመረጥነው ወርም ጥር ስለሆነ በኤሌክትሪክ የሚቆመው የናይለን ሣር ከሳጥኑ እንደወጣ አይሆንም፤ አረንጓዴውን ትተን ገለባማውን ወሰድን፣ እርሱንም አሳሳነው።

ግራሩን በሽቦ ነው የምሠራው። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመዘዛል፣ ወደ ላይ እየተከፈለ ይሄዳል፣ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። 8 ሜትር ግራር በልኬታችን 9 ሴንቲሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ዛፍ ጥድና ዝግባ ስለሆነ ምርጫ የለም፤ ቢኖርም አልገዛም ነበር። ግራርን ግራር የሚያደርገው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ የጥላው የታችኛው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ጠፍጣፋ ነው። ያደረገው ምንድን ነው? ግመል። አንገቱን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ድረስ ይበላዋል። ፍየል ብቻ የሚሰማራበት ቦታ ጠርዙ ዝቅ ይላል፤ ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ የምትደርስበት ነውና። በሞዴሉ ላይ ከጣቢያው አጠገብ ያሉት ግራሮች ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ሜዳው ላይ ያሉት ከፍ ያሉ። ግመልም ፍየልም ሳላስቀምጥ ማን እንደሚያልፍበት ይታወቃል።

ሰዎቹ ላይ ስደርስ በሽመንደፈር፣ በድሮው ምድር ባቡር፣ የሠሩ አንድ አባት መጥተው እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ተገዝተው የሚመጡት ሰዎች ወደ 2 ሴንቲሜትር ናቸው፤ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሻንጣ ይዘዋል፣ ባርኔጣ አላቸው። እኛ ጉልበታቸውን ቆርጠን አስቀምጠናቸዋል፣ ጭነት ላይ አስደግፈናቸዋል፣ ነጠላውን በሲጋራ ወረቀት ሠርተን በቀጭን ኮላ አርሰን ትከሻቸው ላይ ጥለናል። በዚህ መጠን ፊት አይታይም፤ ሰውን የሚያስታውቀው አቀማመጡ ነው። እኒያ አባት ገና ያልተለጠፉትን ሰዎች በፒንሴት ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ባቡሩ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ቀትር ላይ አድርገነዋል፣ አባባ።»

«እንግዲያማ በአዋሽ ፀሐይ ቀትር ላይ እዚህ ማን ይቆማል፣ ልጄ? ሰው ሁሉ ግድግዳው ሥር ነው። ባቡሩ ሲጮህ ነው የሚነሳው።»

አንድ በአንድ ወደ ጥላው አስጠጓቸው። ፀሐይ ላይ ያስቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባንዲራ የያዘውን የጣቢያ ሠራተኛ። «እርሱ ግዴታው ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ መብራቱን እንደገና አስተካከልን፤ የግድግዳው ጥላ እርሳቸው ባስቀመጧቸው ሰዎች ላይ እንዲያርፍ። ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘው ነበር?

እንደ እኒያ አባት ስላሉ ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሽር ውስጥ ያለው የፔንደን ሙዚየም ትዝ ይለኛል። መሥራቹ ሮይ ኢንግላንድ በ1920ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣ ሰው ነበር። ዋይት ሆርስ በሚባለው ሸለቆ ያሉት የሣር ክዳን ቤቶች መልካቸው እየተለወጠ ሲሄድ አይቶ፣ ሳይጠፉ በሞዴል ላስቀራቸው ብሎ ተነሳ። በ1954 ሙዚየሙ ተመሠረተ፤ በእርሱ ሐሳብ የተነሱ በጎ ፈቃደኞች ከእርሱ ሞትም በኋላ ያንኑ ሸለቆ መሥራት ቀጥለዋል። በዚያ አንድ ቤት ለመሥራት የጣሪያውን ቁልቁለት፣ የጡቡን አደራደር፣ የጓሮውን አትክልት ሳይቀር አጣርተው ነው የሚጀምሩት። እኛም ዘንድ ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው አዲሱ ባቡር ከድሮው በሰፋ ሐዲድና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ የድሮው ሐዲድ በየቦታው ተነቅሏል፣ የቀረው ዝጓል። ፕላኑ መዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል። ቀትር ላይ ሰው የት እንደሚቀመጥ ግን ፕላን ላይ የለም፤ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ አርጅተዋል። ይህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ነው።

ዘመን መምረጥ ስንል ደግሞ ሐይቁ አለ። ሥራውን ያየ ወጣት ሁሉ «በሰቃን አሳነሳችሁት» ይላል። በዛሬው የመተሐራ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ሰፊ ውሃ ነው። ነገር ግን በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረች ትንሽ ሐይቅ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አድጋ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆናለች፣ መንገዱንም ሐዲዱንም አስጨንቃለች። በ1965 ባቡር የምናስኬድ ከሆነ ውሃው ራቅ ብሎ ነው የሚታየው። ሬዚኑን በቀጭን በቀጭኑ ደራርበን አፈሰስን፤ ከሥሩ ያለውን ወለል መሃሉን አጥቁረን ዳሩን አገረጣነው፤ ውሃዋ ጨዋማ ስለሆነ ከዳርቻው ጋር ነጭ ቅርፊት አወጣንላት።

በሐይቁና በጣቢያው መካከል ሁለት ሜትር ያህል ምንም የለም። ሣር፣ ጥቂት ግራር፣ ሐዲድ። ያሠራን ሰው በስልክ ምስሉን ሲያይ «አንድ መንደር ብትጨምሩበትስ?» ብሎ ነበር። ባቡሩ ሜዳው ላይ ለብቻው ካልሄደ ጣቢያ መድረሱ አይሰማም ብዬ ተከራከርኩ። በመጨረሻ የሐዲድ ጠጋኞች አንዲት ቤት እንድትቆም ተስማማን፤ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ።

የሚቀጥለው ሥራችን የአዋሽ ድልድይ ነው። ብረቱን ከፎቶ መለካት ይቻላል። የቸገረኝ በሁለቱም ጫፍ ያለው መሬት ነው፤ ጠባቂው የት ይቀመጥ ነበር፣ ወደ ገደሉ የሚወርደው የእግር መንገድ በየትኛው በኩል ነው፣ ፍየል የሚያሻግሩት በላይ ነው ወይስ በታች። በቤቱ አልበም ውስጥ አዋሽ ላይ የተነሳ ፎቶ ያለው አንባቢ አይጠፋም። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መሃል ቆመው ድልድዩን ይሸፍኑታል፤ እኔ የምፈልገው ከእግራቸው ሥርና ከትከሻቸው በላይ የሚታየውን ነው፤ ደብዛዛም ቢሆን ይጠቅመኛል።