«ለአንቺ ብለን ነው»፦ በማዋለጃ ክፍል የሚፈጸም በደል በምን ይታወቃል?

(ድምፅ፦ በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ አምቡላንስ፤ ቀስ በቀስ ይርቃል።)

ተራኪ፦ በደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም በአቀስታ አልፎ ደሴ የሚገባው መንገድ ስንት ወላድ እንደተመላለሰችበት የቆጠረ የለም። መንገድ ባልደረሰበት ደግሞ ቃሬዛ አለ። በከላላ፣ በወግዲ፣ በቦረናና በመሐል ሳይንት፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ገደሎች በሸነሸኑት ደጋ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን የምትወጣው በጎረምሶች ትከሻ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ጭቃው መኪና ሲይዝማ አምቡላንስ ያለው ቀበሌም ወደ ቃሬዛው ይመለሳል።

የዛሬው ዝግጅታችን ግን ስለ መንገዱ አይደለም። መንገዱ አልቆ፣ ወላዷ ገብታ፣ የማዋለጃው ክፍል በር ከተዘጋ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

የወሎ ሴት ለዘመናት የወለደችው ቤቷ ነው። ምጡ ሲጀምራት ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ የዱዓ ሴቶች፣ ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። የልምድ አዋላጇ ወገቧን ታሻታለች። ተንበርክካ፣ ገመድ ወይም ምሰሶ ይዛ ታምጣለች። አንዷ ላቧን ትጠርጋለች፣ ሌላዋ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላታለች። በዚያው ቤት ደም ሲፈስ የሚያቆመው አልነበረም፤ ብዙ እናቶችም እዚያው ቀርተዋል። ይህን መሸፋፈን አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት በተወለዱ በእያንዳንዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል።

ለዚህ ከጠቀሙት ነገሮች አንዱ ሴቶቹ ከቤት ወጥተው በባለሙያ እጅ መውለዳቸው ነው። በ2003 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2008 26፣ በ2011 ደግሞ 48 ደረሱ። ጭማሪው በዋዛ አልመጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየደጃፉ እየዞሩ ለምነዋል፤ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ የሚቆዩበት የእናቶች ማረፊያ በየጤና ጣቢያው ተሠርቷል፤ ባሎች ተመክረዋል፤ አማቶች ተግሣጽ ሰምተዋል። ለሴትየዋ የተነገራት አንድ ነገር ነበር፦ «ነይ፤ እዚያ ትድኛለሽ።»

አምና የመጣች ሴት ዘንድሮ ጠርተዋት ካልመጣች፣ ምን አይታ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

(ድምፅ፦ የብረት አልጋ ሲንቀሳቀስ፤ ውኃ ሲቀዳ።)

በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በሦስት ጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶች ተጠይቀው ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። አጥኚዎቹ መጀመሪያ የተደረገላቸውንና ያልተደረገላቸውን አንድ በአንድ ጠየቁ፦ ስሙን የነገረሽ ነበር? ከመንካቱ በፊት ፈቃድሽን ጠየቀ? መጋረጃ ነበር? ተመተሻል? ተሰድበሻል? ብቻሽን ተትተሻል? መልሶቹ ሲደመሩ ከመቶ 78.6 የሚሆኑት እናቶች ቢያንስ አንድ ዓይነት በደል ወይም ክብረ ነክ አያያዝ ደርሶባቸዋል። «በደል ደርሶብኛል» ብለው ራሳቸው የተናገሩት ግን 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ቆም እንበል። ጭኗን በጥፊ የተመታችው ሴት መመታቷን ታስታውሳለች፤ ግን በደል ነው አትልም። «ስላልገፋሁ ነው» ትላለች። «ልጄን ለማትረፍ ነው»፣ «ለእኔው ብለው ነው» ትላለች። የመታት ባለሙያም የሚለው ይህንኑ ነው። በደብረ ማርቆስ አዋላጆችን፣ የአዋላጅነት ተማሪዎችንና እናቶችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎችም ስድቡንና ጥፊውን ከሦስቱም ወገን ሰምተዋል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ምክንያት የሕፃኑ ሕይወት ነው። በዳይና ተበዳይ በአንድ ምክንያት ከተስማሙ፣ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ካልተናገረ ነገሩ እንደተለመደ ይቀጥላል።

ስለዚህ ምልክቶቹን እንያቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ባውዘርና ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች በወሊድ ጊዜ የሚፈጸሙትን በደሎች በሰባት ከፍለው አስቀምጠዋል። መምታት አንዱ ነው። ፈቃድ ሳይጠይቁ ሥራ መሥራት፣ ምሥጢርንና ገላን አለመሸፈን፣ ማዋረድ፣ በዘር ወይም በድህነት ወይም በዕድሜ መለየት፣ ጥሎ መሄድ፣ ገንዘብ አልከፈልሽም ብሎ ማገት ይከተላሉ። በእኛ አገር የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ስለሆነ የመጨረሻው ብዙም አያሳስብም። እንዲያም ሆኖ «ግሎቭ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብሎ ባል በሌሊት የመድኃኒት ቤት በር ሲደበድብ ማየት ብርቅ አይደለም።

ማዋለጃ አልጋው ላይ ያለውን ደግሞ ጠጋ ብለን እንይ። ሴትየዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እግሮቿ በብረቱ ላይ ተነሥተው ይከፈታሉ። ለባሏ እንኳ በብርሃን ገላዋን ያላሳየች ሴት ናት። በሩ ይከፈታል፤ ካርድ የሚፈልግ ሰው ይገባል፤ ይዘጋል። እንደገና ይከፈታል፤ ተማሪዎች ይገባሉ። አንዱ ጣቱን አስገብቶ ይለካል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላው ይለካል። ማንነታቸውን የነገራት የለም፤ ይሁን ወይ ብሎ የጠየቃትም የለም። እዚህ ውስጥ አንድም ጥፊ አልተሰማም፣ አንድም ስድብ አልወጣም። ቢሆንም ይህ በደል ነው። ምልክቱም ከተደረገው ይልቅ በጎደለው ላይ ይታያል። መጋረጃው የለም፣ ጥያቄው የለም፣ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ሦስት ቁጥር» ናት፣ ወይም «አንቺ» ናት።

ቀጥሎ የሆዷን የላይኛውን ክፍል በክንድ ወይም በክርን የሚጫናት ይመጣል። እናቶች ይህን እንደ እርዳታ ይቆጥሩታል፤ «ሲስተር ባትጫንልኝ አልወልድም ነበር» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ልጁ ቶሎ እንዲወጣ ሆድን መጫን አይመከርም ብሏል። ለሁሉም ወላድ እንደ ደንብ የብልትን ዳር በመቀስ መቅደድንም አይመክርም። ሳያደነዝዙ የቀደዱትን፣ ሳያደነዝዙ የሰፉትን ደግሞ ምን ስም ልስጠው? አንዲት ሴት «ከምጡ ይልቅ ስፌቱ ገደለኝ» ካለች ያ ምልክት ነው፤ ጆሮ ሊሰጠው ይገባል።

ከሁሉ ትልቁ ምልክት ግን በሩ ላይ ይታያል። እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቷ ውጭ ቀርተዋል። ሰው ማስገባት ክልክል ነው ተብለዋል። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ ሁሉ አብሯት እንዲሆን፣ የሚመቻትንም አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል። የከላላ ዱበርቲ ሳትማር ስትሠራው የኖረችውን ነገር ሳይንስ ዞሮ ደረሰበት ብንል ማጋነን አይሆንም። በጋና፣ በጊኒ፣ በናይጄሪያና በማይንማር የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ በደል የሚበዛበትን ሰዓት ለይቶታል፦ ሕፃኑ ከመወለዱ 30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከተወለደ በኋላ እስከ 15 ደቂቃ። አጃቢ ውጭ የሚቀርበት ሰዓትም ይኸው ነው።

(ድምፅ፦ የሌሊት ፀጥታ፤ የጄኔሬተር ድምፅ።)

ስለ ባለሙያዎቹም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊቱን ብቻዋን የምታድር አዋላጅ ነርስ ሁለት ወላድ በአንድ ጊዜ ሊመጡባት ይችላሉ። ደም የምትሰጥበት፣ ኦፕራሲዮን የምታደርግበት መንገድ የላትም። ሪፈር ብትጽፍ አምቡላንሱ ላይኖር ይችላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ መግቢያው ላይ ለጠቀስናቸው ወረዳዎች የመጨረሻው ተስፋ ያ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት አለ። ደመወዙ አላኖር ብሎ በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። የፈራ፣ የደከመ፣ የተራበ ሰው ይጮኻል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን መጋረጃ መጋረድ ደመወዝ አይጠይቅም። «እናቴ፣ ላይሽ ነው፤ ይሁን?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩን ከሚጋሩት አዋላጆች መካከል ስንቶቹ ናቸው ወላዷን እጇን ይዘው፣ «አይዞሽ፣ አብሽሪ» እያሉ የሚያነጉ! ድካም ሁሉንም ካልለወጠ፣ ድካም ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ ተገልጋይ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። መፈክሩ በየግድግዳው ተለጥፏል። ከመፈክሩ በላይ ሥራ የሠራው ግን በብዙ ጤና ጣቢያዎች የተጀመረው የገንፎና የቡና ነገር ይመስለኛል። ማኅበረሰቡ እህል አዋጥቶ፣ ለአራሷ ገንፎ እዚያው ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አጃቢዎቿ ዙሪያዋን ሲቀመጡ፣ ቤቱ የሷ ይመስላል። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ማንም እጁን አያነሣባትም።

እስካሁን የተናገርነው አፍ ስላላት፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን ልትናገር ስለምትችል እናት ነው። መናገር የማይችሉ አሉ፦ አእምሮው የታመመ ወጣት፣ ያረጀች አያት፣ መስማት የተሳነው ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ፣ በብሪስቶል አቅራቢያ፣ ዊንተርቦርን ቪው በተባለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ሰዎች በሚታከሙበት ሆስፒታል ሠራተኞች ሕሙማኑን ሲመቱና ሲያሠቃዩ የቢቢሲ ጋዜጠኛ በድብቅ ካሜራ ቀርጾ አሳየ። አሥራ አንድ ሰዎች ጥፋታቸውን አመኑ፣ ስድስቱ ታሰሩ። ሀብታም አገር፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለበት አገር ነው። በእኛ ደጋ እንዲህ ያለ ተቋም የለም፤ ጧሪውም አስታማሚውም ቤተሰብ ነው። ሕክምና ሲርቅና ተስፋ ሲቆረጥ በገጠር የአእምሮ ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር እስከ ዛሬ አለ። የሚያስሩት ብዙ ጊዜ የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ ይህ ግን ቁስሉን አያሽረውም።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ዓይን ማየት የሚችለውን ምልክት ማወቅ ይገባል። በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ላይ ያለ የገመድ ሰንበር፤ በክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ብልዝ፤ መኝታ ያቆሰለው ጀርባ፤ በአንድ ወር ውስጥ በክሳት የሰፋ ልብስ። አንድ የተወሰነ ሰው ሲገባ የሚሸማቀቅ ሕመምተኛ። ጎብኚ ሲመጣ ከአጠገቡ የማይለይ፣ ለሕመምተኛው የቀረበውን ጥያቄ ሁሉ ራሱ የሚመልስ አስታማሚ። አንዱ ብቻ ሲታይ ሌላ ሰበብ ሊኖረው ይችላል። ሁለትና ሦስቱ ከተደራረቡ ግን ሕመምተኛውን ለብቻው ማነጋገር ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ጭካኔ ካለበት፣ ኢሰብዓዊ ከሆነና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ደንግጓል። ማዋለጃ አልጋ ላይ ያለችም፣ ሰንሰለት ላይ ያለም ከዚህ አልወጡም።

(ድምፅ፦ የሰዎች ጫጫታ፤ የቡና ሲኒ።)

አራስ የምትጠይቁ ሰዎች፣ «ወንድ ነው ሴት?» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ማን አብሮሽ ነበር? ብቻሽን ቆየሽ? እንዴት ያዙሽ? በሏት። «ደህና ነው፣ አልሃምዱ ሊላህ» ብላ ልታልፈው ትችላለች፤ ልጁ ተርፎላታልና። በዚያው አትተዉ። ወደ ክትባት ቀጠሮ ለመሄድ ከለገመች፣ «ሁለተኛ እዚያ ቤት አልረግጥም» ካለች፣ ስለዚያ ሌሊት ሲነሣ ፊቷን ካዞረች መልሱን ሰጥታችኋለች።

ነገሩን የምታቀርቡበት ቦታም አለ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በየወረዳው ባስጀመረው የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ነዋሪው ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው በስድስት መለኪያዎች ነጥብ ይሰጣል። ሩኅሩኅነትና አክብሮት አንዱ መለኪያ ነው። ወረፋ፣ መድኃኒት፣ አምቡላንስ፣ ሕንፃና ንጽሕና ሌሎቹ ናቸው። በእንዲህ ያለው ስብሰባ መናገር የሚቀናን ስለ መድኃኒትና ስለ አምቡላንስ ነው፤ የአክብሮቱ ነጥብ በአንድ ጭብጨባ ይታለፋል። በቀበሌያችሁ ስብሰባው ሲጠራ በዚያ ዓመት የወለደችውን ሴት ይዛችሁ ሂዱ። ለአክብሮቱ ነጥብ የምትሰጠው እሷ ትሁን፤ እስክትጨርስም ማንም አያቋርጣት።