ባዶ ስክሪን፣ ፈጣን እግር፦ መስመር ብቻ ያላቸው የሩጫ ጌሞች ለምን ይይዙናል?

ጥቁር ስክሪን። ጥቂት ነጭ መስመሮች። ከታች ጥግ ላይ ወዲህ ወዲያ የሚሉ ሁለት እጆች። ታሪክ የለም፣ ጠላት የለም፣ የሚሰበሰብ መሣሪያ የለም። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ስታሳርፉ ትሮጣላችሁ፣ ስታነሱ ትዘላላችሁ፣ ከሳታችሁ ትወድቃላችሁ። በቃ ይሄው ነው። ጌሙ ፎቶኒካ ይባላል። የሠራው ሚላን፣ ጣሊያን ያለ ሳንታ ራጆኔ የተባለ ትንሽ ስቱዲዮ ሲሆን መጀመሪያ የወጣው በ2011 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሲነገር የሚያጓጓ ነገር የለውም። ሲጫወቱት ግን "አንዴ ብቻ" ተብሎ ይጀመርና የሻይ ሰዓቱ ያልቃል። ይሄን ያህል ባዶ የሆነ ጌም በብዙ ገንዘብ ከተሠሩት ትልልቅ ጌሞች እኩል፣ አንዳንዴም በላይ፣ የፍጥነት ስሜት የሚሰጠው ለምንድን ነው? የመልሱ ግማሽ ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ከወደቅን በኋላ ባለችው አንድ ሰከንድ ውስጥ። ጊዜም ብርም የምታስወጣን ይቺ ሁለተኛዋ ስለሆነች እስከዚያ ታገሱን።

ከዓይን እንጀምር። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ መብራት ይዟችሁ ቆማችኋል እንበል። አጠገባችሁ የቆመው አውቶቡስ ቀስ ብሎ ወደፊት ሲሄድ የናንተ ታክሲ ወደኋላ የተንሸራተተ መስሏችሁ ደንግጣችሁ አታውቁም? ሰውነታችሁ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ዓይናችሁ ግን "ዓለም እየሄደ ነው" አለ፣ አንጎላችሁም አመነው። የሩጫ ጌሞች ሁሉ የቆሙት በዚህች ማታለያ ላይ ነው።

ነገሩን በደንብ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ጄምስ ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአየር ኃይሉ ጋር ሲሠራ ፓይለቶች አውሮፕላን ሲያሳርፉ በትክክል ምን እያዩ ነው የሚለውን አጠና፤ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍም ሐሳቡን በሰፊው አቀረበ። ወደፊት ስንሄድ ከፊታችን ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ ዙሪያው ይፈስሳል። የምንሄድበት ነጥብ ራሱ ዝም ብሎ እንደቆመ ነው። ከሱ የራቀው ነገር እየፈጠነ ይሄድና በጎናችን ሲያልፍ ሽው ይላል። ምን ያህል እንደፈጠንን የሚነግረን ይሄ ፍሰት ነው።

አሁን ወደ ፎቶኒካ እንመለስ። ጥቁር መሬት ላይ ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰቡ ነጭ መስመሮች ምንድን ናቸው? ፍሰቱ ራሱ ናቸው እኮ! ቀለሙ፣ ዛፉ፣ የሕንፃው መስኮት ሁሉ ተነስቶ የቀረው አንጎል ለፍጥነት የሚፈልገው ነገር ብቻ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚፈጥነው። ምንም መስመር የሌለው ነጭ ኮሪደር ውስጥ በሰከንድ መቶ ሜትር ብትሮጡ የቆማችሁ ነው የሚመስላችሁ፤ አጠገባችሁ የሚያልፍ ነገር የለማ። ስለዚህ የእነዚህ ጌሞች ሙያ የትኛውን ማስቀረት እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው። ግራፊክስ መሥራት ያቃተው ሰው የሠራው የሚመስላችሁ ካላችሁ አንስማማም።

ስልክ ላይ አንድ ችግር አለ። እንቅስቃሴን በደንብ የሚይዘው የዓይናችን ዳርና ዳር ሲሆን የስልክ ስክሪን ደግሞ እስከዚያ አይደርስም፤ መሀል ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ናት። ጌም ሠሪዎች ይሄን የሚያካክሱት የካሜራውን እይታ ሰፋ በማድረግ፣ ምሰሶና ግድግዳውንም ፊታችን ሊነካ እስኪደርስ አስጠግቶ በማሳለፍ ነው። ስልካችሁን ወደ ፊታችሁ ቀረብ ስታደርጉት ጌሙ የፈጠነ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ሌላ ጥቅምም አለው፣ በተለይ ውድ ስልክ ለሌለን። ስልክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ፎቶ በፎቶ ላይ እየደረደረ ነው፤ አንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ሯጩ በሰከንድ 20 ሜትር ይሮጣል እንበል። (ዩሴን ቦልት በ2009 መቶ ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሲገባ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ይሄ የጌም ሰው ነው።) ስልኩ በሰከንድ 60 ፍሬም ካሳየ በአንዱና በሚቀጥለው ፍሬም መካከል ያለው ርቀት 33 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 30 ሲወርድ 67 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስልኩ ለአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ድርቅ ካለ ሁለት ሜትር በዓይነ ስውርነት ሮጣችኋል ማለት ነው፤ የሕንፃው ጠርዝ ያለፈው እዚያ መሀል ነው። ጌሙ መስመር ብቻ ሲሆን ስልኩ የሚሸከመው ትንሽ ነው፤ ርካሽ ስልክም ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሄዳል። የሚያምር ግራፊክስ ያለው ጌም ላይ "ስልኬ ነው የገደለኝ" ማለት ይቻላል። እዚህ ግን ሰበብ የለም።

ቆይ፣ ታዲያ ቴምፕል ረን ምን ሆነ? እሱም ሩጫ አይደል? ነው። ቴምፕል ረን በ2011፣ የዴንማርኮቹ ሰብዌይ ሰርፈርስ ደግሞ በ2012 ወጥተው ስልክ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሆነዋል። ግን ሁለቱም ላይ ካሜራው ከሯጩ ጀርባ ነው። ልጁን ታዩታላችሁ፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ ታዩታላችሁ፣ ሲያዝ የሚያዘው እሱ ነው። በሯጩ ዓይን የሚታየው ጌም ላይ ግን "እሱ" የሚባል ሰው የለም። እግራችሁ አይታይም፣ ጠርዙን በግምት ነው የምትለዩት፣ ስትወድቁም ሆዳችሁ ባዶ ይሆናል። አልጋ ላይ ተኝቶ እየተጫወተ እግሩን የሚያወራጭ ሰው አይታችሁ ከሆነ ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባችኋል።

ይሄን ስሜት በትልቅ ጌም ደረጃ ካመጡት አንዱ በ2008 የወጣው ሚረርስ ኤጅ ነው። ዳይስ የተባለው የስዊድን ስቱዲዮ ፌዝ የምትባል ሯጭ በነጭ ከተማ ጣሪያዎች ላይ አስሮጠ። ከተማው ነጭ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም፤ የሚዘለለው ሳንቃና የሚያዘው ቱቦ ቀይ ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል፣ ካርታ ሳታዩ መንገዱ ይገባችኋል። ትንፋሿና የእግሯ ድምፅ ከፍጥነቷ ጋር ይለዋወጣል። የሠሩት ሰዎች ግን አንድ ነገር አስቸግሯቸው ነበር፣ ማቅለሽለሽ። ዓይን "እየሮጥን ነው" ይላል፣ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ "ኧረ ቁጭ ብለናል" ይላል፣ ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ይረበሻል። መፍትሔያቸው ስክሪኑ መሀል ላይ የማትንቀሳቀስ አንዲት ትንሽ ነጥብ ማስቀመጥ ነበር። ዓይን የሚያርፍበት አገኘ፣ ማቅለሽለሹም ቀነሰ። እንዲህ ዓይነት ጌም ለሚያዞራችሁ፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ አትጫወቱ፣ ስልኩን ራቅ አድርጉ፣ ዓይናችሁንም መሀል ላይ አቆዩ። መኪና ላይ ሆኖ መጫወት ደግሞ ይቅርባችሁ።

ፎቶኒካ ላይ ከሁሉ ያስገረመን ግን የጣቱ ነገር ነው። ሌላው ጌም ሁሉ ለመዝለል "ንካ" ይላል። እሱ ለመዝለል "ልቀቅ" ይላል። ጣት ስክሪኑን ሲነካ እግር መሬት ነክቷል፤ ጣት ሲነሳ እግርም ተነሳ። አየር ላይ ሆናችሁ መልሳችሁ ስትጫኑ ወደ መሬት ትወርዳላችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግራ ያጋባል፣ ከዚያ በኋላ ግን ጣታችሁ እግር ይሆናል። ሳትሰናከሉ ከቆያችሁና ጫፍ ፍጥነት ላይ ከደረሳችሁ መስመሮቹ ወደ ወርቃማ ይቀየራሉ። ትልቁ ሽልማት ይቺ ናት።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ግማሽ እንምጣ፣ ወደ መውደቁ። የእነዚህን ጌሞች መንገድ የጠረገው በ2009 የወጣው ካናባልት ነው። አዳም ሳልትስማን የተባለ አሜሪካዊ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሠራው ነው፤ ከጎን የሚታይ፣ አንድ በተን ብቻ ያለው፣ ሰውየው ራሱ የሚሮጥበት ጌም። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 መጀመሪያ ከሰበሰባቸው 14 ጌሞች መካከል አስገብቶታል። ስትሞቱ ስንት ሜትር እንደሮጣችሁና በምን እንደሞታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል፣ ወዲያው እንደገና ትጀምራላችሁ። መሞት ምንም አያስከፍልም።

ሞት ርካሽ ሲሆን ሰው አይናደድም፣ ይማራል። አሜሪካ የኖረው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ሰዎች አንድ ሥራ ውስጥ ገብተው ሰዓት የሚረሱት መቼ ነው የሚለውን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ግቡ ግልጽ ሲሆን፣ ውጤቱ ወዲያው ሲታይ፣ ክብደቱም ከችሎታችን ጋር ሲመጣጠን ነው ብሏል። የሩጫ ጌም ሦስቱንም በነጻ ያሟላል። እየቆያችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ይፈጥናል፣ ስለዚህ ሁሌም የምትወድቁት ችሎታችሁ ጫፍ ላይ ነው።

እዚያ ጫፍ ላይ ግን አንድ አደገኛ ነገር አለ፣ ትንሽ መሳት። በ2009 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቁማር ማሽን በሚመስል ሙከራ ሰዎች ለጥቂት ሲያመልጣቸው ምን እንደሚሰማቸው አጠኑ። ለጥቂት መሸነፍ በሩቁ ከመሸነፍ የበለጠ ይከፋል፤ ግን የመጫወት ፍላጎትን ይጨምራል። ከዚህም በላይ የጨመረው ምርጫው በራሳቸው እጅ በነበረበት ጊዜ ነው። የሩጫ ጌም ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር በእጃችን ነው፣ ሁሉም ሞት "ለጥቂት" ነው። "አንዴ ብቻ" የሚለው ቃል ከአፋችን የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ይቺን ሰከንድ ማስታወቂያ ሻጮች ከኛ ቀድመው አውቀዋታል። በነጻ የሚወርዱ ብዙ የሩጫ ጌሞች ማስታወቂያውን የሚያስገቡት የት ነው? ልክ ስትወድቁ። "ለመቀጠል ቪዲዮ እዩ" የሚለው በተን ለጥቂት ያመለጣችሁን ነገር መልሶ ሊሸጥላችሁ ነው። ጌሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ማስታወቂያው ግን የሚወርደው ከናንተ ፓኬጅ ነው። የጠዋቱ ዳታ ከሰዓት ሳይደርስ ያለቀባችሁ ካላችሁ እስኪ እዚያ ፈልጉት።

ይሄ ነገር ራሱን ጌም ሠሪውን ያስጨነቀበት ጊዜም አለ። ፍላፒ በርድን የሠራው ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን (ሩጫ ባይሆንም አጥንቱ አንድ ነው፣ አንድ ጣት፣ ፈጣን ሞት፣ ፈጣን ጅማሬ) ከማስታወቂያ በቀን 50 ሺህ ዶላር ያህል ያገኝ እንደነበር ተዘግቦ ነበር። በየካቲት 2014 ጌሙን ከገበያ አነሳው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ሰዎች ዘና እንዲሉበት የሠራው ነገር ሱስ ስለሆነባቸው እንደሆነ ተናገረ።

ስለዚህ አንድ የሩጫ ጌም ስታወርዱ መጀመሪያ ይቺን ሞክሩ፦ ዳታችሁን አጥፉና ክፈቱት። እንደ ወትሮው ከሠራ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ሆን ብላችሁ ውደቁና እንደገና እስክትሮጡ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ስንት በተን እንደምትነኩ ቁጠሩ። አንድ ንክኪ ከሆነ ጌሙ የተሠራው ለሯጩ ነው። መሀል ላይ ሦስት ገጽ፣ ስጦታ ሣጥንና የሚቆጥር ሰዓት ከመጣ ሩጫው ለማስታወቂያው መጠበቂያ ነው። በዚህ መለኪያ ኔትወርክ ሲጠፋ ጉግል ክሮም ላይ የሚመጣው ዳይኖሰር አንደኛ ይወጣል። በ2014 የተሠራ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፤ ጉግል በ2018 እንደገለጸው በወር 270 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይጫወቱታል። ከጎን የሚታይ መሆኑ ብቻ ነው የጎደለው፣ ሆድ ባዶ አያደርግም።

ፎቶኒካን የሞከራችሁ ካላችሁ መስመሮቹ ወርቃማ ከሆኑ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደቆያችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከኛ መካከል እስካሁን የተሻለው 40 ሰከንድ አልሞላም።