ሽፋን ላይ የሚቆጠብ ብር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጨፋ ሸለቆ አድርጎ ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር መጽሐፍ ልሽጥ የሚል ሰው ሸራ ያነጥፋል፣ አለዚያም ክንዱ ላይ ደርድሮ የቆመ አውቶቡስ መስኮት ሥር ይዞራል። ገዢው ስለ መጽሐፉ የተጻፈ ሒስ አላነበበም፤ የደራሲውንም ስም ላያውቅ ይችላል። ያለው መረጃ ሽፋኑ ነው። መጽሐፍ እንደ ጤፍ በእፍኝ ዘግነው ጥራቱን የሚያዩት ሸቀጥ አይደለም፤ ካላነበቡት አይታወቅም፣ ካነበቡት በኋላ ደግሞ ብሩ አይመለስም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ገዢ ሁሉንም በጥርጣሬ ዝቅ አድርጎ ይተምናል፤ ጥሩው ዕቃም ከመጥፎው ጋር አብሮ ይረክሳል። ሽፋን ይህን ጥርጣሬ የሚያቃልል ምልክት ነው።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የማሳተሚያውን ወጪ የሚሸፍነው ደራሲው ራሱ ስለሆነ ቁጠባው የሚጀምረው ከሽፋን ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። 2,000 ቅጂ ታተመ፣ ዋጋው 500 ብር ሆነ፣ ከአከፋፋይ ቅናሽ በኋላ ለደራሲው 350 ብር ይደርሰዋል እንበል። ለጥሩ ሠዓሊና ዲዛይነር ተጨማሪ 20,000 ብር ቢከፈል በአንድ ቅጂ ላይ የሚያርፈው 10 ብር ነው። ታትሞ መጋዘን የተቀመጠ መጽሐፍ የወረቀቱና የኅትመቱ ወጪ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ስለዚህ በሽፋኑ ምክንያት የተሸጠ እያንዳንዱ ቅጂ 350 ብሩን ሙሉ ለሙሉ ያስገባል። 58 ቅጂ ተጨማሪ ከተሸጠ ወጪው ተመለሰ። ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም።

«ሰው የሚገዛው ታሪኩን እንጂ ሥዕሉን አይደለም» የሚል ሙግት አለ፤ ምስክሩም ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነበበው ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ይሁንና ያንን መጽሐፍ በየቤቱ ያደረሰው የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ጭምር ነበር። ሬዲዮ ምልክቱን ሰጠ፤ ሬዲዮ የሌለው አዲስ ደራሲ ምልክቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። የእንግሊዙ አሳታሚ ፔንግዊን በ1935 እ.ኤ.አ. ያለ ሥዕል በርካሽ መሸጡም ለዚህ ሙግት አይረዳም። ብርቱካናማው ልብ ወለድ፣ አረንጓዴው የወንጀል ታሪክ እየተባለ በቀለም መለየቱ ራሱ የታሰበበት ዲዛይን ነበር። ጠንካራው ተቃውሞ የኪስ ጉዳይ ነው፦ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ወረቀት በብር ሲታሰብ ተወድዷል፣ አንባቢው ከየት ያመጣል? እውነት ነው፤ ሽፋን የሌለ ገንዘብ አይፈጥርም። ግን ዋጋ በናረ ቁጥር ተሳስቶ የመግዛት ጉዳትም ይከብዳል፣ ገዢውም ይበልጥ ምልክት ይሻል።

ምልክቱ ታዲያ እውነት መናገር አለበት። ውስጡ ደረቅ ምክር ሆኖ ፊቱ ላይ ሽጉጥ የያዘ ሰው የሚለጠፍበት መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይሸጥ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ደራሲ ገበያ ግን ይዘጋል። ምልክቱ በሚሸጥበት ቦታም መነበብ አለበት፤ ለአዲስ አበባ የመጽሐፍ መደብር የተሠራ ሽፋን ለከሚሴ አይበቃም። ከሚሴ የምትገኝበት ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በቁቤ የተማረ ወጣትና በፊደል የተማረ አባቱ አንድ ሸራ ላይ ያያሉ፣ የመጽሐፉ ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ከሩቅ ካልተለየ ሁለቱም ያልፉታል። ፀሐዩም አለ፦ ቆላ ላይ ውሎ የሚያድር ሽፋን ቀይና ቢጫው ቀድሞ ይለቅና ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ላሚኔሽን ያልተደረገለት ጫፉ ይጠቀለላል። አዲስ ሆኖ ሳለ አሮጌ የሚመስል መጽሐፍ ደግሞ ዋጋው ይጠየቃል እንጂ አይገዛም።

ስለዚህ አሳታሚዎችና አከፋፋዮች፣ ሽፋኑ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ናሙናውን አውጥታችሁ ቀትር ላይ መሬት አስቀምጡትና ከአምስት እርምጃ ርቀት እዩት። ከዚያም ለክፍለ ሀገር ሻጮች አሳዩ፤ የትኛው እንደሚነሳና የትኛው እንደሚቀር እነሱ ያውቃሉ።